ዛሬ የጾመች መኪና

ወገኖቼ፣ ብርጭቋችሁን ገና አታንሱ። እትዬ አመለወርቅ ዛሬ ሊያቋርጡኝ አይችሉም፤ ጡረታ ወጥተዋል!

ወደዚህ የመኪና ምርመራ ጣቢያ የመጡበትን ቀን የምናስታውስ ሦስት ሰዎች ቀርተናል። ቱታ ለብሰው፣ ካቻቢቴ ኪሳቸው ውስጥ ሰክተው በሩ ላይ ቆሙ። ዘበኛው፣ "እመቤት፣ ቦሎ ለማስለጠፍ ከሆነ ባለቤትሽ መኪናውን ይዞ ይምጣ" አላቸው። "ባለቤቴ መንዳት አይችልም። ይልቅ በሩን ክፈት፤ ቦሎውን የምለጥፈው እኔ ነኝ!" አሉት። ዘበኛው ከዚያ ወዲህ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ነው የሚከፍተው።

ነጯን መሐረባቸውን የማያውቅ ሹፌር በጋይንትም በስማዳም የለም። መሣሪያው ጭሱን ለክቶ ከጨረሰ በኋላ እንኳ መሐረቧን ከጭስ ማውጫው ማርሚታ ኋላ ይዘረጓታል። "እትዬ፣ ማሽኑ አልፏል ብሏል እኮ!" ስንላቸው፣ "ማሽኑ ልብስ አያጥብም" ይሉናል።

ደግሞ ያቺ ቃላቸው! ሹፌሮቻችን ለምርመራ ቀን ጋራዥ ገብተው ፖምፓውን ያስነኩና ናፍጣውን ያስቀንሳሉ። መኪናዋ ጭስ የማታውቅ ጻድቅ ሆና ትመጣለች። ቦሎው በተለጠፈ ማግስት የፖምፓው ብሎን ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያኔ ዳገት ላይ ከኋላ ያለውን ሰው ማየት ነው! እትዬ ግን ነዳጁን ሁለቴ አስረግጠው ሞተሩን ያዳምጡና፣ "ይህች ዛሬ ጾማለች፤ ነገ ትፈስካለች" ብለው ይመልሷታል። አንዱ፣ "አገራችን ከፍታ ነው፣ አየሩ ሳስቶ ነው የምታጨሰው" ቢላቸው፣ "አየሩ ከሳሳ ናፍጣውንም ቀንሰዋ! እንግዳ ሲያንስ ወጥ ማብዛት ምን ይሉታል?" አሉት።

አሁን ሳቁን ያዝ አድርጉልኝ። ከእሳቸው፣ ከእኔና ከአንድ ባለመኪና በቀር ማንም የማያውቀው ነገር አለ።

የዛሬ ስድስት ዓመት የእህቴ ባል ፊልጶስ አይሱዙውን አመጣ። መጾሟን እያወቅሁ አሳለፍኋት፤ ቦሎውንም በገዛ እጄ ለጠፍሁ። እትዬ አልተቆጡም። በማግስቱ፣ "አንተነህ፣ ሞተር ሳይክሉን አስነሣና እስከ ጉና ዳገት ተከተላት" ብቻ አሉኝ። ስመለስ ከፊቴ ላይ የሚታየው ጥርሴ ብቻ ነበር። በነጯ መሐረብ ጠረጉኝና ጥቀርሻውን አሳዩኝ። "ከኋላዋ የሚሄደውን መንገደኛ ማን ይጠርግለት?" አሉኝ። ሊያስባርሩኝ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ፊልጶስን አስጠርተው፣ ቦሎውን በእኔው እጅ አስፍቀው፣ ፊልትሮውን አስቀይረው፣ ኖዝሉን አስጸድተው፣ ፖምፓው በልኩ እስኪስተካከል አብረውን ዋሉ። ቦሎው የተመለሰላት ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ፣ እንጀራዬንም ስሜንም አትርፈውልኛል። እስከ ዛሬ ማመስገን አፍሬ ነበር። አመሰግናለሁ።

ከሰኞ ጀምሮ ቦሎውን የምለጥፈው እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እፈራለሁ። አማች አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የክርስትና አባት አለ። ሁሉም "ለአንድ ቀን ብትጾም ምን አለ?" ይላል።

በሉ አሁን ብርጭቋችሁን አንሱ! ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። የቤትዎ ጭስ አይጥፋ፤ የምድጃውን ማለቴ ነው! ነገ እርስዎንም ዕቃዎንም ወደ መካነ ኢየሱስ የምትወስደው ያቺው የፊልጶስ አይሱዙ ናት። መሐረቧን ለእኔ ይተዉልኝ። እስከ ጉና ዳገት በሞተር ተከትዬ ፊቴን እጠርግባታለሁ። ነጭ እንደሆነች ከቀረች፣ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ከጠቆረች ግን ከመኪናው ይወርዳሉ፤ ጡረታዎ ተሰርዟል!

ለእትዬ አመለወርቅ!