ከትከሻዋ ኋላ

ፍኖተ ሰላም፣ አመሻሽ ላይ፣ የይበልጣል ፎቶ ቤት፤ ወይዘሮ ታንጉት የሟች ልጃቸውን የፀዳለን የምርቃት ፎቶ በትልቁ አሳትመው ባንኮኒው ላይ ዘርግተውታል፤ እሁድ አርባዋ ነው።

ታንጉት፦ የእኔ ነጠላ ጥለት ክር በክር ይቆጠራል። የልጄ ዓይን የት ሄደ?

ይበልጣል፦ እትዬ ታንጉት፣ ፎቶ ሲተልቅ እኮ ትንሽ ይፈዛል።

ታንጉት፦ እኔ ለምን አልፈዘዝኩም ታዲያ? አንድ ወረቀት ላይ አይደለን? እሷ ከፊት፣ እኔ ከትከሻዋ ኋላ። የእኔ ግንባር ሽብሽቡ ሳይቀር አለ። የእሷ ፊት ጭጋግ ነው።

ይበልጣል፦ በትንሹ ሲታተም አያስታውቅም ነበር። እርስዎም ስምንት ወር ሙሉ ግድግዳ ላይ ሰቅለው አይተውታል።

ታንጉት፦ አየሁት እንጂ አላስተዋልኩትም። ልጅ ቤት ውስጥ እየወጣች እየገባች ፎቶዋን ማን ልብ ብሎ ያያል?

ይበልጣል፦ ያን ቀን ደግሞ አልቆም ብላ ነበር። ያስታውሱ የለ? "አትነቃነቂ" እያልኩ አሥራ አንድ ጊዜ ነው ያነሳኋት።

ታንጉት፦ አልረሳሁም። አንተ "አትነቃነቂ" ስትል እኔ ከኋላ ክንዷን ቆነጠጥኳት። "እማዬ፣ አልተነቃነቅኩም" አለችኝ። "ዝም በይ፣ ሰውየው ያውቃል" አልኳት። ይበልጣል፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄ ተነቃንቃ ነበር?

ይበልጣል፦ አሁን መሸ እኮ። ሳልፍ አየሁት፣ ቤትዎም ክፍት ነው። ነገ ብንነጋገር ይሻላል።

ታንጉት፦ ቤቴን ተወው። ከሞተች ወዲህ ቆልፌው አላውቅም።

ይበልጣል፦ እርስዎ? ጓጉንቸሩን ሦስቴ ጎትተው ሳያዩ የማይተኙት?

ታንጉት፦ ፀዳለ ቁልፍ ትረሳለች። አሁን የጠየቅኩህን መልስ።

ይበልጣል፦ የተነቃነቀ ሰው ፎቶ ላይ እርጥብ ቀለም በእጅ እንደተጠረገ ይጎተታል። ይሄ አልተጎተተም።

ታንጉት፦ ስለዚህ?

ይበልጣል፦ ሌንሱ ነው።

ታንጉት፦ የምትከሰው ሰው ስታጣ መስታወት ትከሳለህ!

ይበልጣል፦ በዓይንዎ ይዩት እንጂ በእኔ አፍ አይመኑ። ይቺን ማስመሪያ ከካሜራው ወደ እርስዎ በቁመቷ ያጋድሟት። አዎ። ክብሪቱን አሥራ አምስት ቁጥር አጠገብ ያቁሙልኝ። አሁን ካሜራውን ክብሪቱ ላይ ፎከስ አደረግኩት። አነሳሁ። መነጽርዎን ያድርጉና እዚህ ስክሪኑ ላይ ያንብቡ፤ የትኛው ቁጥር ጠርቷል?

ታንጉት፦ የክብሪቱ ጽሑፍ አይነበብም። አሥራ አምስትም ፈዟል። አሥራ ስድስት፣ አይ። አሥራ ስምንት። አሥራ ስምንት ጥርት ብሏል።

ይበልጣል፦ ከዚህ ቅርበት ሁለት ጣት ወደ ኋላ ሄደ። ሰው ራቅ ብሎ ሲቆም ስንዝር ይሆናል።

ታንጉት፦ ስንዝር። ከእሷ ዓይን እስከ እኔ ነጠላ።

ይበልጣል፦ አዎ።

ታንጉት፦ ካሜራህ ዕውር ነው ማለት ነው?

ይበልጣል፦ ዕውር እንኳ አይደለም፤ ሁለት ዓይን ነው ያለው። አንዱ ርቀቱን ይለካል፣ ሌላው ፎቶውን ያነሳል። የሚለካው "እዚህ ናት" ይላል፤ የሚያነሳው ሌላ ቦታ ያያል። ሁለቱ እስካልተስማሙ ድረስ እኔ ብምል ብገዘት ፊት አይጠራም። ሌንሱ አንድ ክርስትና ላይ ከእጄ ወድቆ ነበር።

ታንጉት፦ ከእኛ በፊት?

ይበልጣል፦ በሦስት ወር። ብዙ ሰው ራቅ አድርጌ ሳነሳ አያስታውቅም። ቀረብ ብዬ ፊት ሳነሳ ነው የሚያሳብቅብኝ። ያኔ "ተነቃነቃችሁ" ማለት ቀለለኝ።

ታንጉት፦ የእጅህን ጥፋት በልጄ ላይ ጫንከው። እኔ ደግሞ ዳኛ ሆንኩና ቀጣኋት።

ይበልጣል፦ ይምቱኝ፣ እትዬ።

ታንጉት፦ በየትኛው አቅሜ? ይልቅ እየኝ፣ እዚህ ፎቶው ላይ። ፊቴ ምን ይመስላል?

ይበልጣል፦ የተጨነቀ።

ታንጉት፦ የመብራትህ ሽቦ ይጠልፋታል ብዬ ነው። ስፈራ ነው የኖርኩት። ባጃጁን ፈራሁ፣ ወንዙን ፈራሁ፣ የኮሌጁን ማደሪያ ፈራሁ። ትኩሳትን ግን አልፈራሁም። "ዝንጅብል ጠጪበትና ተኚ" አልኳት። በአራተኛው ቀን ቀበርኳት። እሁድ ሰው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያየው የእኔን ጭንቀት ነው። እሷ የለችበትም።

ይበልጣል፦ ቆይ፣ የቀሩትን ልክፈታቸው። አልሰረዝኳቸውም። ይቺ ፈዛለች። ይቺም። ይቺም ያው ናት።

ታንጉት፦ ያቺ ጥግ ላይ ያለችውስ?

ይበልጣል፦ እሷማ አሥራ ሁለተኛዋ ናት፤ የተበላሸችው። ዓይኗ ላይ ፎከስ አድርጌ ልጫን ስል "እንግዲያው ይኸው ተነቃነቅኩላችሁ!" ብላ በጀርባዋ እርስዎ ላይ ወደቀች። ስለዚህ አላተምኳት... ቆይ።

ታንጉት፦ ምንድን ነው? ጠፋች?

ይበልጣል፦ ላጉላት። እትዬ፣ ይምጡ። ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል።

ታንጉት፦ ወይኔ ልጄ። ጥርሷ። ያ የተሸረፈው ጥርሷ!

ይበልጣል፦ ሌንሱ የሚያየው እርስዎ የቆሙበትን ነበር። ወደ እርስዎ ስትወድቅ ገባችለት። ከአሥራ ሁለቱ አንዴ ተነቃነቀች፤ የወጣችውም ያኔ ብቻ ነው።

ታንጉት፦ ይቺ ከኋላዋ ያለችው ሴትዮ ማን ናት?

ይበልጣል፦ እርስዎ ነዎት እንጂ።

ታንጉት፦ እኔ ነኝ እንዲህ የምስቀው?

ይበልጣል፦ በሁለት እጅዎ ይዘዋታል። መፍራቱንም ረስተውታል።

ታንጉት፦ ይዣታለሁ። እውነትህን ነው፣ ይዣታለሁ።

ይበልጣል፦ ግን ለአርባ እንዴት ይሆናል? አፏ ተከፍቶ፣ የምርቃት ቆቧ ተንጋዶ። ለቀስተኛ ሐሜት ያበዛል። ደንቡ ኮስተር ያለ ፎቶ ነው።

ታንጉት፦ ኮስተር ያለውን አሥራ አንዴ ሞከርነው፤ እምቢ አለች። አትማት።

ይበልጣል፦ እሺ። ማተሚያው ትንሽ ይቆያል። ቁጭ ይበሉ።

ታንጉት፦ ቁጭ አልልም። እስኪያወጣ ያንን ሌንስ አስተካክለው። ይስተካከላል ወይስ ይሄንንም ትዋሸኛለህ?

ይበልጣል፦ ካሜራው ራሱ ማስተካከያ አለው፤ ቁጥር ስቀንስ ፎከሱ ወደ ፊት ይመጣል። ክብሪቱን መልሰው ያቁሙልኝ። አራት ቀነስኩ። አሁንስ?

ታንጉት፦ አሥራ ሰባት።

ይበልጣል፦ ዘጠኝ ላድርገው። አሁን?

ታንጉት፦ አሥራ አምስት። ክብሪቱም ይነበባል።

ይበልጣል፦ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። እኔ ግን...

ታንጉት፦ አትጨርሰው፤ ወሮቹን ቆጥሬዋለሁ። ነገ የሌላ ሰው ልጅ ትመጣልሃለች። "ተነቃነቅሽ" ከማለትህ በፊት ክብሪት አቁም።

ይበልጣል፦ አቆማለሁ። ይኸው፣ ወጣች። ቀለሙ እንዳይነካ ጠርዝ ጠርዙን ይያዙ።

ታንጉት፦ ለእኔ ነው እንዴ ልጄን እንዴት እንደምይዝ የምትነግረኝ?

ይበልጣል፦ ይቅር ይበሉኝ።

ታንጉት፦ እሱን እሁድ እሷ ፊት ቆመህ በለው። ና፣ ዝጋና ሸኘኝ። ድንጋይ ያደናቅፈኝና እጥላታለሁ።

ይበልጣል፦ መብራቱን አጠፋሁ። በሩንም ቆለፍኩ። የእርስዎስ ቤት፣ ዛሬም እንደተከፈተ ሊያድር ነው?

ታንጉት፦ ዛሬስ እቆልፋለሁ። ፀዳለ ገብታለች።