አያ አዳነ የገዛት መኪና

በእኛ ጊዜ መኪና እንደ ዛሬው በየመንገዱ አይታይም ነበር፣ ልጄ። አሁን አንተ ያገለገለች የቤት መኪና ልገዛ ነው ስትለኝ የወንድሜ ነገር ትዝ አለኝ። እስቲ ተቀመጥና ስማኝ።

ጣሊያን ከመተማ በወጣበት ሰሞን ነው። ታላቅ ወንድሜ አያ አዳነ ሁለት ልጅ በምጥ ሞቶበታል፣ እና ሚስቱ ጥሩነሽ ሦስተኛውን አርግዛለች። ሐኪም ያለው ገዳሪፍ ነው፣ ሱዳን፣ በግመል ስንት ቀን። ታዲያ አንድ ለጣሊያኖች ሹፌር የነበረ ሰው ትንሽ መኪና ይሸጣል ተባለ፣ ጣሪያ ያላት፣ ቤተሰብ የምትይዝ። አያ አዳነም "ግመሎቼን ሰጥቼ እወስዳታለሁ፣ ይችን ሴት ዳግመኛ በግመል አልጭናትም" አለ።

ጎረቤታችን ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ ሹፌር ነበረ፣ ደግ ሰው። ለጭነት ሊሄድ ሲል ጠራኝና፣ "ስማ፣ እስክመለስ ቆዩኝ። ካልቆያችሁ ግን በጧት ሂዱ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ። የሞተሩን ውሃ ክዳን ከፍተህ ውሃው ንጹህ መሆኑን እይ። ዘይቱን በጣትህ ንካው፣ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ተዉት። መሪዋን ነቅንቀው። ቀለሟ እንዳያታልልህ፣ ከሥሯ ተኛና ብረቱን እይ" አለኝ። እኔ ደግሞ ከጣሊያን ጋራዥ መኪና አጥብ ነበርና "አውቃለሁ" አልኩት። ምን አውቃለሁ? ማጠብ ነው የማውቀው።

ዑስማንን ሳንጠብቅ ሄድን፣ እሱም በጧት አይደለም፣ ረፋድ ላይ ነው። መኪናዋ ተነስታ እያጉረመረመች ጠበቀችን፣ ቀለሟ ገና ይሸታል። ክዳኑን ልከፍት ስል ሻጩ እጄን ያዘና፣ "ኧረ ተው ወንድሜ፣ ይፈላል፣ ፊትህን ይልጠዋል" አለኝ። ከሥሯ ልተኛ ጎንበስ ስል ደግሞ፣ "እንዴ፣ ያንን ነጭ ኩታህን አቧራ ልታስነካው ነው?" የከበበው ሰው ሳቀ። እኔም አፈርኩ፣ ልጄ፣ አፈርኩና ቀና አልኩ። አያ አዳነ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "እህስ፣ አንተ ታውቃለህ፣ እንዴት ናት?" አለኝ።

"ደህና ናት" አልኩት።

ወሩ ሳይሞላ ጥሩነሽን ምጥ ያዛት። አዋላጇ፣ "ልጁ ተጋድሟል፣ ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው" አለች። ዑስማን በዚያው ዕለት ከጭነት ተመልሶ ነበርና እሱ ነዳ፣ እኔና አያ አዳነ ከኋላ እሷን ደግፈን ተቀመጥን። ድንበሩን ተሻግረን ግማሽ መንገድ ሳንሄድ መኪናዋ እንፋሎቷን ለቀቀችና ቆመች። ሲበርድ ዑስማን ክዳኑን ከፈተ፣ በእንጨት ጠንቁሎ አወጣ፤ የማሽላ ዱቄት ነው፣ እንደ ገንፎ የሆነ። የሚያፈሰውን ቀዳዳ የደፈኑት በዱቄት ነው። ዘይቱንም በጣቱ አድርጎ አሳየኝ። ወተት። ለእኔ ብቻ ነው ያሳየኝ።

ታዲያ የመጠጥ ውሃችንን አፈሰስንባት። ጥቂት ሄደች፣ ደግሞ ቆመች፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም። ጥሩነሽን አውርደን ከግራር ሥር አስተኛናት። "ውሃ" አለች። አያ አዳነ ኮዳውን አነሳ፣ ዘቀዘቀው፣ ምንም የለም። "አይዞሽ፣ አሁን ሰው ይመጣል" አላት። ሰውማ መጣ፣ ባለ ግመሎች መጡ፣ እሷ ግን አልፋ ነበር፣ ልጁም ከሆዷ ሳይወጣ።

ለቅሶው ላይ አንዱ፣ "ምነው አዳነ፣ ሳታስመረምር ነው እንዴ የገዛሃት?" ቢለው አያ አዳነ ተቆጣ። "ወንድሜ አይቶልኛል። እሱ ሥራውን ያውቃል፣ የእኔ ዕድል ነው እንጂ" አለ። እኔ እዚያው ጎኑ ተቀምጫለሁ። ፊቴን በኩታዬ ሸፈንኩ።

"እና አባባ፣ ኋላም አልነገሯቸው?"

አልነገርኩትም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ስንት ዓመት አብረን አረስን፣ አብረን በላን። ሌላ ሚስትም አላገባ። እንዳመነኝ ተቀበረ።