«ተቀብያለሁ» ዘግይቶ ስለደረሰበት ኒካህ

የምስክር ስም፦ ሳሊሐ ጀላሉዲን
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ ከቤት ሆና የምትሠራ የስልክ አስተርጓሚ
አድራሻ፦ ኧርቪንግ፣ ቴክሳስ
ቀንና ቦታ፦ ቅዳሜ ሜይ 17 ቀን 2025፣ ረፋድ ላይ፣ በምስክሯ ወጥ ቤት ውስጥ
ቃል ተቀባይ፦ ኦፊሰር አንዷለም ከፍያለው (ቃሉ በአማርኛ ተሰጥቶ በአማርኛ ተጽፏል)

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ሲሆን፣ ዛሬ ጠዋት በሳሎናችን ውስጥ ባለቤቴ ሀሩን ቅንድቡ ስለተፈነከተበትና ቴሌቪዥናችን ስለተሰበረበት ሁኔታ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። በራእ የሚባለው ወጣት ባለቤቴን ገፍትሯል ተብሎ አሁን በራችን ላይ በቆመው የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። በራእ ማንንም አልገፈተረም። ይህ መጀመሪያ ይጻፍልኝ ያልኩት ኋላ በዝርዝሩ መሃል ተድበስብሶ እንዳይቀር ነው።

በራእ ግራንድ ፕሬሪ የሚኖር የመጋዘን ሠራተኛ ሲሆን፣ ታናሽ እህቴን ሁመይራን ሊያገባ ኒካሁ ለዛሬ ተቀጥሮ ነበር። አባታችን ሼህ ጀላሉዲን ያሉት ደሴ ነው፤ ቪዛም አላገኙም። ስለዚህ በቪዲዮ እንዲድሯት ስንት ተለምነው እሺ አሉ። በሥርዓታችን አባት «ልጄን ድሬልሃለሁ» ሲል ሙሽራው እዚያው በዚያው «ተቀብያለሁ» ማለት አለበት። መሃል ላይ ዝምታ ከገባ አባት የሚረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ አመንትቷል ማለት ነው።

ስለ ኢንተርኔቱ ስጠየቅ የሚከተለውን መልሻለሁ። ሥራዬ ከቤት ሆኜ በኢንተርኔት ስልክ ለሐኪምና ለበሽተኛ ማስተርጎም በመሆኑ በዚህ ቤት ኢንተርኔት ቆሽቴ ካረረ ቆይቷል። ባለቤቴ ከስልኩ ወደ ኢንተርኔት ቪዲዮ መጫን በጀመረ ቁጥር ሐኪሙ የጠየቀው ዘግይቶ ይደርሰኛል፣ የበሽተኛዋ መልስ ከእኔ ድምፅ ጋር ይጋጫል፣ ሦስታችንም ተደራርበን እንጮሃለን። ይህን ስነግረው የኢንተርኔቱን ፍጥነት የሚለካ ስፒድ ቴስት ያደርግና ቁጥሩን አፍንጫዬ ሥር ይደቅነዋል። ቴስቱን የሚያደርገው ደግሞ ማንም ኢንተርኔት በማይነካበት ሰዓት ነው። ባዶ መንገድ ላይ ማን አይፈጥንም? እኔ እሱ ቪዲዮ እየጫነ ሳለ ለካሁት። ቤቱ ጸጥ ሲል መልእክት ሄዶ የሚመለሰው ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይቆይ ነው፤ መስመሩ ሲጨናነቅ ግን ሁለት ሰከንድ አልፎት ይመጣል። መስመሩ አይቆረጥም፣ ይዘገያል እንጂ። የጁምዓ ሶላት እንዳለቀ የመስጊድ ፓርኪንግ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ሜዳው የቱንም ያህል ቢሰፋ መውጫው አንድ ነው። ባለቤቴ ግን ፋርመርስ ብራንች ከተማ አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ገዙ ሲባል ሰምቶ ለኒካሁ ብሎ ትልቁን ፓኬጅ አስገባ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ወደ ቤት የሚገባው መስመር ሰፋ፣ ከቤት የሚወጣው ግን እንደ ጠበበ ቀረ።

ባለፈው ሐሙስ ቴስቱን ባዶ ቤት ውስጥ እንዳያደርገው፣ ዘመዶቻችንን ጠርተን ሁሉም ቪዲዮ እየላኩ ለአባቴ ደውለን እንድንሞክር ለመንኩት። «ሳሊ፣ ፕሊስ! ቼክ አድርጌዋለሁ፣ አንድ ጊጋ ነው። ሶ፣ ሰውን ለቴስት ብዬ ልጥራ? ነውር አይደለም?» አለኝ። እንግዲያው የዋይፋዩን ፓስወርድ ለእንግዳ አትስጥ ስለው የምር ተቆጣ። ቤቱ የገባን እንግዳ ውሃና ዋይፋይ መከልከል ለእሱ አንድ ነው። ዛሬ ጠዋት ፓስወርዱን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ጫማ ማውለቂያው በላይ ለጠፈው። አርባ የሚሆን ሰው ሰላምታ ሰጠ፣ ጫማ አወለቀ፣ ፓስወርድ አስገባ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ደሴ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ካበቃ በኋላ፣ ጥሪው ተጀመረ። ላፕቶፑን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ከበራእ ጎን ተቀምጫለሁ። የአባቴ ምስል ከላፕቶፑ በገመድ ተስቦ ግድግዳው ሥር በቆመው ቴሌቪዥን ላይ ይታይ ነበር። ሁመይራ እንደ ደንቡ መኝታ ቤት ነበረች። እስከዚያ ድረስ ድምፁም ምስሉም ደህና ነበር። አባቴ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ቃሉን ሊሉ ሲሉ ሳሎን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስልኩን አነሳና ግማሹ ለጅዳ፣ ግማሹ ለሚኒሶታ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ።

አባቴ «ልጄን ሁመይራን ድሬልሃለሁ» አሉ። በራእ ወዲያው «ተቀብያለሁ» አለ። አባቴ ግን አልሰሙም። ዓይናቸውን ተክለው ይጠብቃሉ፤ አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። በራእ ቃሉን ሲደግም የመጀመሪያው መልስ ገና ደሴ እየደረሰ ነበር። አባቴ መናገር ሲጀምሩ ሁለተኛው ላያቸው ላይ ወደቀ፣ የሚያቋርጣቸውም መሰላቸው። «ሰዎች፣ ዋይፋዩን አጥፉ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤ አንዷማ ስልኳን አዙራ እኔን መቅረጽ ጀመረች።

አባቴ «አስቦ የሚመልስ ሰው ልጄን አያገባም» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ይህን ጊዜ በራእ «አባባ፣ ተቀብያለሁ አልኩኮ! ይሰማዎታል?» እያለ ወደ ቴሌቪዥኑ ሮጠ። የአባቴ ፊት ያለው እዚያ ስለሆነ ነው እንጂ ቴሌቪዥን እንደማይሰማ ያጣዋል ማለቴ አይደለም። እግሩ በመሃል በተዘረጋው ገመድ ተጠልፎ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በነበረው ባለቤቴ ላይ ወደቀ። ሁለቱም ከነቴሌቪዥኑ ወደቁ፤ የባለቤቴን ቅንድብ የፈነከተው ቴሌቪዥኑ የቆመበት ጠረጴዛ ጠርዝ ነው። በጩኸቱ ደንግጦ ፖሊስ የጠራው ጎረቤታችን ይመስለኛል።

ባለቤቴ ለፖሊስ «ገፈተረኝ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ውሸታም ሰው አይደለም። ነገር ግን አርባ እንግዳ ፊት «ኢንተርኔቴ አሳፈረኝ» ከማለት «ተገፈተርኩ» ማለት ቀሎታል። በዚህ በጣም ተናድጃለሁ፣ አፍሬያለሁም። እሱ ባለበት ይህንኑ ደግሜ እናገራለሁ።

ፖሊስ እንግዶቹን ወደ ውጭ ካስወጣ በኋላ አባቴ በስልኬ መልሰው ደወሉ። ድምፃቸው ጎኔ የተቀመጡ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። «ለምን ዝም አለ?» አሉኝ። ዝም አላለም አልኳቸው። «ዝምታውን በጆሮዬ ሰማሁት እኮ» አሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደውን መግሪብ ሰግደው ቁርጡን እንደሚናገሩ ነግረውኛል። ደሴ መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። እህቴ በሩን ከውስጥ ቆልፋ እያለቀሰች ነው።

የምጨምረው እንዳለ ስጠየቅ፣ አለኝ ብያለሁ። በራእ አባቴ እንደጨረሱ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ መልሷል። ጎኑ ነበርኩ። በእኔና በእሱ መሃል ኢንተርኔት አልነበረም።

ከዚህ በላይ የሰጠሁት ቃል ያየሁትና የሰማሁት እንጂ የተነገረኝ አይደለም፤ ባለቤቴን ለማስከፋት ወይም አማቻችንን ለመጥቀም ብዬ የጨመርኩት የለም። ተነቦልኝ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሳሊሐ ጀላሉዲን

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ምስክሯ በጠየቁት መሠረት ቃሉ ሲነበብ አባታቸው በስልክ አዳምጠዋል። አቶ ሀሩንም ቆመው ሰምተው «ገፈተረኝ» ያሉት ትክክል እንዳልነበረ ገልጸው ክሱን ትተዋል። ንባቡ ካለቀ በኋላ አባትየው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። መስመሩ እንዳልተቋረጠና እንዳልዘገየ አረጋግጫለሁ፤ ዝምታው የራሳቸው ነበር። በመጨረሻም «ልጁን ጥሩት» ብለዋል። አቶ በራእ ከመኪናው ወርዶ ወደ ቤት እንዲገባ ተደርጓል።

የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ኦፊሰር አንዷለም ከፍያለው