የጋሽ መሸሻ ቅናትና የዛገው የፍሬን ቱቦ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን ጎረቤቴን ጋሽ መሸሻን በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሰላምታዬን የመለሱልኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ ነው። ዓይናቸው ከማዶ፣ አቶ ጉተማ መኪናቸውን በሚወለውሉበት ደጅ ላይ ተተክሎ ነበር።

«ታየዋለህ መምህር? ከጠዋት ጀምሮ መወልወል ነው» አሉኝ።

ነገሩ ገባኝ። ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት አሮጌ ዲኤክስ መኪና አላቸው። የሰፈሩን ሙሽሮች ሲወስዱ የኖሩት ግን ጋሽ መሸሻ ናቸው። ዘንድሮ አቶ ጉተማ መኪናቸውን አዲስ ቀለም አስቀቡና፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ገነት እሁድ የምትዳረውን ልጃቸውን ውዳሴን እንዲወስዱላቸው የለመኑት እሳቸውን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለጋሽ መሸሻ ምግብ አልወረደላቸውም። ቅናት ትልቅ ሰውን እንዴት እንደሚያሳንስ ማየት የፈለገ የዚያን ቀን ፊታቸውን ቢያይ ይበቃው ነበር።

«እኔም ነገ ቀለም ቤት አስገባታለሁ። ቀይ ነው የማስቀባት። ያኔ ገነት ትጸጸታለች» አሉ።

ይህን ጊዜ ልጃቸው ሶፊ ከመኪናቸው ስር እየተሳበች ወጣች። በአውቶ መካኒክ ተመርቃ ጋራዥ የምትሠራ፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከቀለሙ በፊት ቱቦዎቹ ይቀየሩ። የፍሬን ዘይቱ የሚያልፍበት ቱቦ በዝገት ተበልቷል። የቤንዚኑም መገጣጠሚያው ላይ ወዝቷል።»

«ጎንበስ ብሎ ቱቦ የሚያይ ሰርገኛ አለ እንዴ? ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ስሯን የተቃጠለ ዘይት እቀባታለሁ። ዝገት በየት በኩል ይገባል?»

«እሱ ራሱ ነው ያበላሻት፣ አባባ። ዘይቱ አቧራና ጭቃ ይይዛል፤ ጭቃው እርጥበት ያቆያል። ላዩ ጠቁሮ ሲያብረቀርቅ ደህና ይመስላል እንጂ ብረቱ ውስጥ ውስጡን ይሳሳል። አሁን ጭቃውን ስፍቀው ብረቱም አብሮ ተፈረፈረ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳት አንድ ቀን ከድታኝ አታውቅም።»

ይህን መልስ ከብዙ አባቶች ሰምቼዋለሁ። እስካሁን ያልደረሰ አደጋ ከእንግዲህም የማይደርስ ይመስላቸዋል።

«ጋሽ መሸሻ» አልኩ፣ «ልጅቷ የተማረችውን ነው የምትነግርዎ። ሞክሮ ማየት ምን ይጎዳል?»

እያጉረመረሙ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ቁጭ አሉ። ሶፊ ሞተሩን አስነስተው ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይላቸው እንዲረግጡት ነገረቻቸው። ፔዳሉ መጀመሪያ ጠንከር አለ፤ ቀጥሎ እግራቸው እስከ ወለሉ ሰመጠ። ከኋላ ጎማው አጠገብ የፍሬኑ ዘይት መሬቱን አራሰው።

ጋሽ መሸሻ ወርደው እርጥቡን መሬት አዩት። ከዚያ ወደ ማዶ ተመለከቱና ፊታቸው ፈካ። ያ ፈገግታ ደስ አላለኝም።

«ጉተማም ዘይት መቀባቱን የተማረው ከኔው ነው» አሉ በቀስታ። «የሱም ከዚህ አይሻል።»

«ታዲያ ይንገሯቸዋ» አልኳቸው።

«ቀንቶ ነው ይለኛል።»

«ቀንተው የለም እንዴ?» አለች ሶፊ። «እሁድ ውዳሴን ይዘው ሰርጉ ወዳለበት ወደ ሳንሱሲ ሲሄዱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ ቢላቸው፣ እኛ እያወቅን ዝም ብለን ነበር ማለት ነው።»

ጋሽ መሸሻ መንገዱን ተሻገሩ። እኛም ተከተልናቸው።

«ጉተማ፣ ሶፊ የመኪናህን ስር ትይልህ። ቱቦው ሳይበላ አይቀርም።»

አቶ ጉተማ ሳቁ። «ሙሽራዋን መውሰድ ለኔ ስለደረሰ በቅናት እንዳይሆን?»

«ቀንቻለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ቢሆንም ትይልህ።»

አቶ ጉተማ ሳቃቸውን አቆሙ። ሶፊ ከመኪናው ስር ገብታ ጭቃውን ፋቀች፤ ስትወጣ የዛገ ፍርፋሪ በእጇ ይዛ ነበር።

«ይሄ ቀጣጥለው የሚሠሩት አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው የሚቀየረው» አለች። «ጋራዥ ያለው አዲስ ቱቦ ደግሞ ለአንድ መኪና ብቻ ነው የሚበቃው። ሌላው ከእሁድ በኋላ ነው የሚመጣው። የማንን ላስቀድም?»

አቶ ጉተማ አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ መሸሻ የተቀሙትን ክብር የሚያስመልሱበት ቀን መጥቶላቸው ነበር። ልጃቸውን አዩ፣ የአቶ ጉተማን መኪና አዩ።

«የሱን» አሉ። «ገነት የለመነችው እሱን ነው።»

ይህን ብለው ወደ ግቢያቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ቅዳሜ ግን ሶፊ የአቶ ጉተማን መኪና የፍሬኑንም የቤንዚኑንም ቱቦ ቀይራ ስትጨርስ፣ በፍሬኑ ቱቦ ውስጥ የቀረው አየር እስኪወጣ ድረስ ፔዳሉን ሲረግጡላት የዋሉት እሳቸው ነበሩ።

እሁድ እኔና ጋሽ መሸሻ ከሙሽሮቹ ኋላ በሚኒባስ ተሳፈርን። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ አንድ ባጃጅ በድንገት ፊታቸው ገባ። የአቶ ጉተማ መኪና ባለችበት ቀጥ አለች። ባጃጁ አለፈ፤ የሰርገኛው ጭብጨባም ቀጠለ። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች የመኪናዋን ቀለም ያደንቁ ነበር። ስለ ቱቦው ያነሳ የለም።

አሮጌ መኪና ያለው ወዳጄ ሆይ፣ ቀለሙ ለተመልካች ነው፤ ቱቦው ለተሳፋሪው ነው። ዘይት መቀባቱን ትተህ በየጊዜው የስሯን ጭቃ አጥበህ ለመካኒክ አሳይ፤ የዛገውን ሳትቀጣጥል ቀይር። ቤንዚንህ መንገድ ላይ አይንጠባጠብም፣ መኪናህ በእሳት አትያያዝም፣ በእምነት የተሰጠህንም ሰው በሰላም ታደርሳለህ። እኔ ይህን ሳሰላስል ጋሽ መሸሻ ዓይናቸውን ከፊታችን ካለችው መኪና ላይ አላነሱም።

«አሁንም እየቀናሁ ነው፣ መምህር» አሉኝ። «ግን ቆመች።»