ከልቧ በላይ ያለው ቧንቧ

የቧንቧ ሠራተኛው ሴት ልጁን ይዞ ሆስፒታል መመላለስ ታክቶታል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ውኃ ሲያስተካክል ኖሮ፣ አሁን የገዛ ልጁን ልብ የሚያስተካክልለት አጥቶ ከወንበር ወንበር ይንከራተታል። ያን ቀን ዶክተሩ ደግሞ ኤም አር አይ የሚባል ሌላ የማሽን ምርመራ ሲያዝ ትዕግሥቱ አለቀ። ልጅቱን አስነሥቶ ደረጃውን ሲወርድ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እዚያው የምርመራ ክፍል ባለሙያ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሠርታ ዓይኗ ቀልቷል።

ምን እንደገጠመው ስትጠይቀው ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፈላት። ከልጅቱ የልብ በሮች የአንዱ ክዳን ሦስት መሆን ሲገባው ሁለት ብቻ ሆኖ መፈጠሩን ሐኪሞቹ በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ አይተዋል። ታዲያ ካዩ ሌላ ማሽን ምን ይሠራል? እሱ ግድግዳ ላይ ጆሮውን ለጥፎ የሚያፈስሰውን ቦታ ያገኛል፤ ካገኘ በኋላ ደግሞ ቤት አያፈርስም።

ባለሙያዋ የናፈቃት አልጋዋ ነበር። ይሁንና ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እሱም እያጉረመረመ አጠገቧ አረፈ። ልጅቱ ራቅ ብላ ቆመች።

"ጋሼ፣ ኢኮ በሩን አሳምሮ ያሳያል፤ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሲያፈስስ። ጨረርም የለው፤ ሁሌም የሚጀመረው በእሱ ነው። ከበሩ በላይ ያለውን ትልቁን የደም ቧንቧ ግን ሳንባና አጥንት ይጋርዱበታል። እንዲህ ዓይነት በር ያላቸው ሰዎች ደግሞ ቧንቧው ሊሰፋባቸው ይችላል። ግድግዳው እየሳሳ የሄደ ቧንቧ ምን እንደሚሆን ለእርስዎ አልነግርም።"

"ይፈነዳል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀጥሎም፣ "ሲቲ የሚሉት ቶሎ ያልቃል አይደል? ለምን በዚያ አይገላግሏትም?" አላት።

"ሲቲ ስካን ፈጣን ነው፤ ስፋቱንም ቁልጭ አድርጎ ይለካል። ግን ጨረር አለው፤ እሷ ደግሞ ገና ልጅ ናት፣ ወደፊትም ቧንቧዋ ደጋግሞ ይለካል። ኤም አር አይ ጨረር የለውም፤ የደሙንም አካሄድ ያሳያል። ክፋቱ ጊዜው ይረዝማል፣ ድምፁ ይጮኻል፣ ውስጡም ጠባብ ነው። ዶክተሩ ማሽን ማበላለጡ አይደለም፤ እያንዳንዱን የሚያውቀውን መጠየቁ ነው።"

ሰው በሙያው ሲኮራ አንዳንዴ ሙያው ራሱ ይጋርደዋል። የቧንቧ ሠራተኛው ስለ በሩ ብቻ ሲከራከር ቧንቧውን ረስቶት ነበር፤ አፈረ።

ባለሙያዋ በቤተሰቡ ውስጥ በድንገት የሞተ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው።

ታናሽ ወንድሙ ሥራ ላይ ሳለ ደረቱን ይዞ ወድቆ፣ ልጆቹን ትቶ በዚያው ቀርቷል። ጠንካራ ሰው ነበር። ቀብሩ ላይ ሁሉም "ሥራ ገደለው" አሉ፤ እሱም አምኖ ተቀመጠ።

"ወንድሜን ያየው ማሽን የለም" አለ።

"እሱን የገደለው ይኼ ይሁን አይሁን ማወቅ አልችልም" አለች። "ችግሩ ግን በዘር ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው ወላጅም፣ ወንድምና እህትም በኢኮ የሚታዩት። በጊዜ የታየ ቧንቧ ክትትል ይደረግለታል፤ ካስፈለገም ሳይፈነዳ ይቀየራል። ያልታየ ግን ምንም አይደረግለትም።"

የቧንቧ ሠራተኛው ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። ልጁን እጇን ይዞ ወደ ላይ ሊመልሳት ሲል፣ ልጅቱ ጠባቡን ማሽን እንደምትፈራ ነገረችው።

"እኔም እፈራለሁ" አላት። "በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ። ካንቺ በኋላ እኔ እታያለሁ፤ ነገ ደግሞ የአጎትሽን ልጆች አመጣለሁ። እነሱም እንደ አባታቸው ጠንካሮች ናቸው።"