የሁለቱ መርፌዎች ውጤት

አሚናት፣ ነይ እስኪ እዚህ አግዳሚው ላይ፣ ጥላው ሳይሸሸን። የቆረሶ ዓሣውን ሽጠሽ ነው የመጣሽ? መቼም ዘንድሮ ሐይቁ ለጋስ ሆኗል። አብሽሪ፣ እናትሽ እመት ኡሙሰልማ ጤና ጣቢያው ውስጥ ተኝተዋል፤ ዳሌያቸው ተሰበረ እንጂ ጨዋታቸው አልተሰበረም። ወደ ደሴ የሚወስዳቸው መኪና እስኪመጣ የማደንዘዣ መርፌ ይወጋሉ። ማን እንደሚወጋቸውማ... እድለኛ ናቸው። ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ነፋሱ ስለሚወስደው ነው። የሐኪሙ መስኮት ክፍት ነው እንዴ? አላየሁትም።

የኛ ሰው፣ ሐኪሙ፣ ተመራማሪ ነው እኮ። እኔ ተሾመች ሃያ ዓመት የመርፌ ትሪ ይዤ ስቆም እንደሱ ያለ አላጋጠመኝም። ለዳሌ ስብራት ሁለት ዓይነት አወጋግ አለ። አንዱ ብሽሽት ላይ፣ ደም ስሩ ከሚመታበት አጠገብ፣ ተዳስሶ ይገባል። ሌላው ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ነው፤ ብዙ መዳሰስ የለበትም፣ ለጨዋ እጅ ይመቻል። የቱ ይሻላል? ሌላ ሰው ቢሆን መጽሐፍ ያገላብጥ ነበር። እሱ ግን በሽተኞቹን ራሳቸውን ጠየቀ። ትሕትና አይደለም?

እመት አሲያን ከጎን ወጋቸው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ፣ "ሕመሙ እንዴት ነው?" አላቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ።"

ምን ይበሉ ታዲያ? በኛ አገር እንዴት ነዎት የተባለ ትልቅ ሰው ሌላ መልስ ያውቃል? እሱም "ሕመም የለም" ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ እጁ እንዴት ያምራል መሰለሽ። አልጋ ስናዛውራቸው የሻሻቸውን ጫፍ ነክሰው ነበር... ጥርሳቸውን አሳክኳቸው ይሆናል።

እመት ባንቺአየሁ ደግሞ ብሽሽታቸውን ተወጉ። እግራቸውን ስናነሳው እንኳ ይቀልዱ ነበር። ሲጠየቁ ግን ተቆጡ።

"ምን ደህና አለ? እግሬን የት ወሰድከው? ድንጋይ አደረግከው እኮ።"

እሱም "መርፌው አልሠራም፤ ሕመምተኛዋ አማርረዋል" ብሎ ጻፈ። ይኸው ጥናቱ ደሴ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ጓዶች ተነሥተው አጨበጨቡ አሉ። ከዚያ ወዲህ እዚህ የመጣ ሁሉ የሚወጋው ከጎን ነው። መስማትም እኮ ስጦታ ነው፣ እቴ፤ ጆሮ ላለው ሁሉ አይሰጥም።

እኔማ ትሪ ያዥ ነኝ፣ ምን አገባኝ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔው ዝም አራት ወር ቢሆነው ነው፣ ነቅዞ ባራገፍኩት ቁጥር ዱቄት ይረግፋል... ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉም ነበሩ። ደጃዝማችነቱን አብዮቱ አስቀረው፤ አለመናገሩን ለኔ ተወልኝ።

እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ እናትሽን ዛሬ ምስጋናውን በሆድዎ ይያዙት በያቸው። አላህ የሆድንም ይሰማል፤ የኛ ሰው የሚጽፈው ግን ከአፍ የወጣውን ነው። ካመማቸው ግሸን ድረስ እስኪሰማ ይጩኹ። አንቺም "የትኛውን ነው የምትወጋቸው?" ብለሽ ጠይቂው። ጥያቄ ይወዳል፣ ወላሂ።

ደግሞ ሳንመርቀው እንዳንነሣ፣ እጅሽን ዘርጊ። እድሜ ይስጠው፤ ጸጉሩ እስኪነጣ፣ ምርኩዝ እስኪይዝ ያኑረው። ምርኩዙ የከዳው ለት እንደሱ ያለ አዋቂ አያሳጣው፣ ከጎን የሚወጋ። ትሪውንም እንደኔ ያለች ዝምተኛ ትያዝለት። ሕመሙ እንዴት ነው ሲሉት ደግሞ፣ ከምስጋና በቀር ሌላ ቃል የማያውቅ ጨዋ አንደበት ይስጠው።

አሜን በይ እንጂ፣ አሚናት... ከፍ አድርገሽ።