የአሸዋው በተን አስፋልት ላይ

ሻርጃ ውስጥ ሮላ አውቶቡስ ማቆሚያ ቆሜ ሁለት አውቶቡስ አመለጠኝ። የመጀመሪያው ሞልቶ ነበር፤ ሁለተኛው ግን እኔው እያየሁት ነው ያለፈኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ከሻርጃ ዱባይ ካራማ፣ ማታ ከካራማ ሻርጃ ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ አንዳንድ ቀን እግሩ ራሱ እምቢ ይለዋል። ሥራዬ የሰው ወረቀት መተርጎም ነው፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ። ያን ቀን ደግሞ ከጠዋቱ ማካፋት ጀምሮ ነበር። እዚህ አገር ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ግን ሰው ሁሉ መኪና መንዳት የረሳ ይመስለኛል።

“አቶ ሸዋንዳኝ! እዚህ ቆመው ሊበሰብሱ ነው እንዴ? ያላ፣ ይግቡ እንጂ!”

ዞር ስል ጋሽ ጣሰው ናቸው። ሻይ ሊገዙ መኪናቸውን ዳር አቁመው፣ የወረቀት ብርጭቆ በሁለቱም እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ጣሰው አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ፣ አሁን ለአንዲት ትንሽ አስጎብኚ ድርጅት የሚሠሩ ሰው ናቸው። በሥራ ቀን የድርጅቱን ሠራተኞች ከአጅማን ዱባይ ያደርሳሉ፤ ቅዳሜና እሑድ እንግዳ ጭነው አሸዋ ላይ ይወጣሉ። መኪናይቱም ለሁለቱም የምትሆን ከፍ ያለች ባለ ሰባት ወንበር ናት።

ፊት ወንበር ላይ ባለቤታቸው እትዬ እልፍነሽ ተቀምጠዋል፤ የድርጅቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ኋላ ደግሞ ሎዛ የምትባል፣ ቢሮ የምታጸዳ ወጣት አለች። ሰላምታ ተለዋወጥን። እትዬ እልፍነሽ ግን ሰላም ያሉኝ በግማሽ ልባቸው ነበር፤ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነው።

“ምነው እትዬ፣ በደህና ነው?” አልኩ።

“ሙሉጌታ ስልክ አያነሳም” አሉ። “ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን እንግዳ ይዞ ወደ ፉጀይራ ተራራ ወጥቷል። እዚያ ደግሞ ዝናቡ ከዚህ ይብሳል አሉ።”

ሙሉጌታ ልጃቸው ነው። በአራተኛው ፈተና መንጃ ፈቃድ ካገኘ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ለዚያው ድርጅት እንደ አባቱ ይነዳል። ጋሽ ጣሰው ሻዩን አደሉንና “እየነዳ እንዴት ያነሳል? እኔ አስተምሬው የለ?” ብለው ቁልፉን አዞሩ። ቀጥለው አማተቡ። ቀጥለው ደግሞ ከመሪው አጠገብ ያለች በተን ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እስኪባል ድረስ ተጭነው ያዟት። ከፊታቸው ቢጫ መብራት በራች፤ ስትንሸራተት የምትታይ ትንሽ መኪና ተሥላባታለች። ከዚያ ነው መንገድ የጀመርነው።

“ጋሽ ጣሰው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና” አለች ሎዛ፣ “መረጋጊያውን ለምን አጠፉት?”

“የቱን መረጋጊያ ልጄ? ይቺን? ይቺማ መኪናን ከልጓም የምትፈታ ናት!” አሉ ደስ እያላቸው፤ ስለ መኪና ሲጠየቁ ድካማቸው ይረሳቸዋል። “አምና አራት እንግዳ ይዤ አሸዋ ውስጥ ሰመጥኩ። ነዳጅ ብሰጥ፣ ብሰጥ፣ ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይጎትትም። አንድ ፓኪስታናዊ ሹፌር መጥቶ ይቺን በተን ተጭኖ ያዛት፤ ኸላስ፣ ወጣን! ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልጫናት ነድቼ አላውቅም። አጅማን ላለው ሐበሻ ሹፌር ሁሉ አስተምሬያለሁ። ሙሉጌታንም ከሁሉ በፊት ያሳየሁት እሷን ነው።”

እትዬ እልፍነሽ ከስልካቸው ቀና አሉ። ሎዛ በጣም እንደደከመ ሰው ዓይኗን ጨፍና ገለጠች።

“አሸዋው ላይ ልክ ነበሩ” አለች። “አሸዋ ለመውጣት ጎማው እየሾረ መቆፈር አለበት። መረጋጊያው ግን ጎማ ሲሾር ሲያይ አደጋ ይመስለውና የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ለዚያች ሰዓት ይጠፋል፤ እንደወጡ ይበራል። አስፋልት ላይ ነገሩ ሌላ ነው።”

“አስፋልት ላይማ እጄ አለ!”

“እጅዎን አልናቅኩም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ስንት የፍሬን ፔዳል አለዎት?”

“አንድ ነዋ።”

“አዩ፣ እርስዎ ፍሬን ሲይዙ አራቱም ጎማ አንድ ላይ ይያዛል። መረጋጊያው ግን መሪውን ወዴት እንዳዞሩትና መኪናዋ ወዴት እየሄደች እንደሆነ ያመዛዝናል። ሁለቱ አልስማማ ካሉ አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ይይዝና ወደ ፈለጉበት ይመልስዎታል። ይህን በአንድ እግር ማን ሊያደርገው ይችላል?”

ጋሽ ጣሰው በመስተዋቱ አዩአት። “ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው? ቢሮ ስትጠርጊ ነው?”

“ሐዋሳ ተምሬ ነው። አውቶሞቲቭ፣ ሦስት ዓመት” አለች። ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብላ “ማስረጃዬን የተረጎሙልኝ እርስዎ ነዎት አቶ ሸዋንዳኝ። ካራማ” አለችኝ።

አፈርኩ። በቀን ሃያና ሠላሳ ወረቀት ሲያልፍብኝ የምጠብቀው ስሙ እንዳይሳሳት፣ ቀኑ እንዳይዛነፍ ነው። ወረቀቱን ይዞ ከፊቴ የቆመውን ሰው ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። ይቺ ልጅ የሦስት ዓመት ትምህርቷን አስተርጉማ ከወሰደች በኋላ መጥረጊያ እንደተሰጣት አሁን ገና ሰማሁ።

“አልናቅኩብሽም” አሉ ጋሽ ጣሰው ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። “ትምህርት ደግ ነው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ገደል ዳር የነዳሁት በዚህ እጅ ነው። ያኔ ማን ነበር ጎማ እየለየ የሚይዝልኝ?”

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ወደ ሌላ አውራ ጎዳና የሚወስደው ጠመዝማዛ ላይ ደረስን። ከወራት በኋላ የዘነበ የመጀመሪያ ዝናብ ነው፤ የከረመው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ተደባልቆ መንገዱን አሙለጭልጮታል። ጋሽ ጣሰው እንደ ወትሮው ገቡበት። መኪናዋ ፊቷን አዙራ ሳለ ጀርባዋ ወደ ውጭ ሸሸ። መሪውን ወዲያ ሲሉት ወዲህ፣ ወዲህ ሲሉት ወዲያ እያለች ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሄደች። ሻዬ ጭኔ ላይ ተደፋ። እትዬ እልፍነሽ “ሙሉጌታ!” ብለው ጮኹ፤ አጠገባቸው ያለውን ባላቸውን አይደለም የጠሩት። ደግነቱ በጎናችን መኪና አልነበረም። ቀጥ አለችልን።



“በእጄ መለስኳት” አሉ ጋሽ ጣሰው፤ ግን አንድ ማደያ ስናገኝ ገብተው አቆሙ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሎዛ አሁን “አላልኩዎትም?” ትላለች ብዬ ነበር። እኔ ብሆን እላለሁ። እሷ ግን ጥግ ላይ ያለውን የጎማ አየር መሙያ አየችና ሌላ ጥያቄ ጠየቀች።

“ጋሽ ጣሰው፣ አሸዋ ከመግባትዎ በፊት ጎማውን ምን ያደርጉታል?”

“አየሩን አስተነፍሳለሁ። በሙሉ አየር ከገባሽ ትሰምጫለሽ።”

“ተመልሰው አስፋልት ሲደርሱስ?”

“ወዲያው አስሞላለሁ እንጂ! በለስላሳ ጎማ አስፋልት ላይ የሚበር ሰው ምን ጤና አለው? ባለፈው ማሩ የሚባለውን ሹፌር ሳይሞላ ሲነዳ አግኝቼው በሰው ፊት ነው የሰደብኩት።”

“በተኗም ያው ናት” አለች ሎዛ። “ለአሸዋ ያስተነፈሱትን አስፋልት ላይ ሳይሞሉ ዓመት ሙሉ ነዱ። መኪናዋ ሞተር በተነሳ ቁጥር መረጋጊያውን ራሷ ታበራዋለች፤ እርስዎ ግን ጠዋት ጠዋት እንደገና ያስተነፍሱታል።”

 ጎማ የሚያውቁት ነገር ነው። ጎማ ላይ ማንም አያታልላቸውም። መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ ቢጫዋ መብራት ትኩር ብለው አዩ።

“ታዲያ ይቺ መብራት በርታ ሳያት እየሠራች ይመስለኝ የነበረውስ?”

“እንዲያ ዝም ብላ ስትበራ ‘መረጋጊያው ጠፍቷል’ ማለቷ ነው። እየነዱ ብልጭ ድርግም ካለች ግን መረጋጊያው እየያዘዎት ነው፤ ያኔ ነዳጁን ቀነስ፣ መሪውን ወደሚሄዱበት። ደግሞ መረጋጊያው ተአምር አይሠራም። ፍጥነት ከበዛ፣ ጎማ ካለቀ እሱም ምንም አያመጣም።”

ጋሽ ጣሰው በተኗን ተጫኑ። ቢጫዋ ጠፋች። የተረታ ሰው ፊት ሳይሆን ድንገት የደነገጠ ሰው ፊት ነው ያየሁባቸው።

“እልፌ፣ ስልኩን ስጪኝ” አሉ። “ልጄ እንደ እኔ ነው የሚነዳው።”

ድምፁን ለሁላችን ከፍተው ደወሉ። አልተነሳም። ደገሙ። እትዬ እልፍነሽ ነጠላቸውን ጭብጥ አድርገው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በሦስተኛው ተነሳ።

“አባዬ? ዝናቡ ከብዶ እዚሁ ተራራው ላይ ማሳፊ ማደያ ቆሜያለሁ። አሁን ልነሳ ነው፣ ሞተር አስነስቻለሁ።”

“ቢጫዋ መብራት በርታለች?”

“በርታለች፤ እንዳስተማርከኝ።”

“ተጫናትና ትጥፋ። እስከ ማታ እንዳትነካት። ጠመዝማዛው ላይ ቀስ በል። ስማኝ ሙሉጌታ… እኔ ያስተማርኩህ ስህተት ነው። ለአሸዋ ነው እንጂ ለመንገድ አይደለም። ተሳስቼ ነው።”



“አባዬ፣ ደህና ነህ?” አለ ልጁ። “አሞሃል እንዴ?”

እትዬ እልፍነሽ ስልኩን ከእጃቸው ወሰዱ። “አላመመውም ልጄ” አሉ እንባቸው እየወረደ፣ “ዛሬ ነው የተሻለው።”

ሙሉጌታ በደህና ተመለሰ። መውረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ያቺ መብራት ብልጭ ድርግም ብላ መኪናዋ ራሷ ስትስተካከል እንደተሰማው ነግሮናል። መረጋጊያው ጠፍቶ ቢሆን ምን ይፈጠር እንደነበር አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። የማውቀው ግን አለ። የመኪና መረጋጊያ የጎበዝን ሹፌር እጅ አያስንቅም፤ እጅ የማይደርስበት ላይ ይደርሳል። አሸዋ ወይም ጭቃ ሲይዝ ማጥፋቱ ብልሃት ነው፤ እንደወጡ ማብራቱ ደግሞ የተሳፋሪን ነፍስ ማክበር ነው። ጋሽ ጣሰው በዚያው ሳምንት ያስተማሯቸውን ሹፌሮች አንድ በአንድ እየፈለጉ እንደገና አስተማሩ፤ ሎዛንም አብረው ይዘው እየዞሩ “እሷ ትንገራችሁ፣ የተማረች ናት” ይሉ ነበር።

ሎዛ አሁንም ቢሮ ትጠርጋለች። ማስረጃዋን እንደገና አትሜ ዱባይ ሳትዋ ሰፈር ወዳሉ ጋራዦች ይዤ ሄጃለሁ፤ እንደውላለን ብለዋል፣ ገና አልደወሉም። በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃለሁ። ይደክመኛል፣ ቢሆንም እሄዳለሁ።

ባለፈው ደግሞ ሮላ ላይ እንደገና አሳፈሩኝ። ጋሽ ጣሰው ቁልፉን አዞሩ፣ አማተቡ፣ ጣታቸውም በልማድ ወደ በተኗ ሄደ። የእትዬ እልፍነሽ እጅ ግን ቀድሞ በተኗን ሸፍኗት ነበር። ጋሽ ጣሰው እጃቸውን ወደ መሪው መለሱና ተጓዝን።